የወንድሜ ታንኮች

ወንድሜ ታንክ እንደሚነዳ የነገረን ሰው የለም። ከጦሩ ለእረፍት የመጣ አንድ የጎረቤት ወረዳ፣ የሸዋ ቤንች ልጅ ፎቶግራፍ ብቻ አመጣልን። ፎቶው ላይ ወንድሜ አንድ እጁን የታንክ ሰንሰለት ላይ አሳርፎ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይስቃል። እናቴ ለጎረቤት ስታሳይ «ልጄ የሚነዳው ይኼን ነው» አለች። በማግስቱም ደገመችው። ክረምቱ ሳይወጣ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ እኛን የሚያውቅ ሁሉ «ታንከኛው እንዴት ነው?» እያለ ይጠይቃት ጀመር።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን። አባቴ ለቡና ለቀማ ከወሎ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞቷል። እናቴ የከፋ ሰው ነች። አማርኛ የለመደችው ገበያ ላይ ነው፤ ስትናደድና ስታለቅስ ወደ ራሷ ቋንቋ ትመለሳለች። እኔን ያሳደገኝ ወንድሜ ነው ብል አልዋሸሁም። ክረምት ላይ ጭቃው ሰው ሲውጥ በትከሻው አዝሎ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስዱት ገና ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ።

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ጦር በየመንገዱ ፈሰሰ። ከጅማ በሚመጡ የጭነት መኪኖች ተንጠልጥለው፣ አንዳንዶቹም በእግራቸው እየለመኑ፣ የሌላው ሰው ልጆች ተመለሱ። እናቴ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልላ መኪና ማቆሚያው ላይ ዋለች፤ ከረመች። አንድ ቀን አንድ እጁን ያጣ ወታደር ፎቶውን ተቀብሎ ብዙ አየውና «እማማ፣ ታንክ ላይ ከነበረ ተስፋ ባያደርጉ ይሻላል። ታንክ ሲመታ ውስጡ ያለ ሰው አይወጣም» አላት።

እናቴ ፎቶዋን ተቀብላ «በር የለውም እንዴ?» አለችው።

ወታደሩ ወደ ቀጣዩ መኪና ሄደ። እሷ ግን ጥያቄውን ይዛው ቤት ገባች። መርዶ የሚነግረን ወገን አልነበረም፤ የተበተነ ጦር መዝገቡም አብሮ ተበትኗል። ሽማግሌዎች መጥተው «እርምሽን አውጪ፣ ሳይለቀስለት አይቅር» ሲሏት «በሩን ያየ ሰው ይንገረኝና አወጣለሁ» ትላቸዋለች። ሰው መጀመሪያ አዘነላት፤ ቆይቶ ሰለቸችው። እኔንም ሰለቸችኝ። ምሳ እየበላን «ያ ብረት በሩ በየት በኩል ይሆን?» ትላለች፤ ልብስ እያጠብን ትጠይቀኛለች። ነርስነት ልማር ጅማ ስሄድ ደስ ያለኝ ለትምህርቱ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ ጥያቄ በመራቄም ነው።

ተመርቄ አማን ሆስፒታል ስመደብ ግን ጥያቄው ጠበቀኝ። ከሆስፒታሉ ጥበቃዎች አንዱ ድሮ ታንክ ላይ ጥይት አጉራሽ እንደነበረ የሰማሁት በዚያ ጊዜ ነው። ዝምተኛ፣ የግራ ጆሮው የማይሰማ ሰውዬ ነበር። አንድ ከሰዓት በሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁትና ሳላንዛዛ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ታንክ በሩ የት ነው?»

«ለምንድነው ሲስተር?»

ነገርኩት። የመድኃኒት ካርቶን ቀድዶ በከሰል ሳለልኝ። ከላይ ሦስት መክፈቻ፣ ከሆዱ ሥር ደግሞ አንድ ጠባብ አለው አለኝ። ነጂው የሚቀመጠው ከፊት በስተግራ ነው፤ የራሱ ክዳን አለው። ሥዕሉን ለእናቴ ወሰድኩላት። ካርቶኑን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችውና «ይኼ ጥቀርሻ ነው» አለችኝ። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕልም ቢሆን ለለመደ ሰው ነው።

ታንክ መሥራት የጀመርኩት እንግዲህ ለዚህ ነው። በእጇ ይዛ የምታየው ነገር ልሠራላት።

የመጀመሪያው በካርቶን የተሠራ ነበር። ፎቶውን ከፊቴ ዘርግቼ ስፋቱን ከወንድሜ ቁመት ጋር እያመዛዘንኩ ቆረጥኩት። ለጎማዎቹ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ክዳኖች ሰበሰብኩ፤ ልክ እንደ ታንክ ጎማ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ ነው። ሰንሰለቱን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ በምላጭ ሸነሸንኩት። ለመድፉ የደም መስጫ ቱቦ ውስጥ ሽቦ ከተትኩ። ጥበቃው አየና «ከፊተኛውና ከሁለተኛው ጎማ መካከል ክፍተት አለ፤ አጠጋግተሽዋል» አለኝ፤ ፎቶውን ሳየው እውነቱን ነው። ፈትቼ እንደገና ሠራሁት። መድፉን የተሸከመው ጉልላት እንዲዞር አደረግሁ፤ ክዳኖቹም በቀጭን ጨርቅ ማጠፊያ እንዲከፈቱ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በየክዳኑ ጣቷን ሰደደች።

«ይኼ የነጂው ነው?»

«አዎ።»

«ወንድምሽ ትከሻው ሰፊ ነው» አለች። ጉልላቱን ማዞር ጀመረች። መድፉ ከነጂው ክዳን በላይ ሲደርስ አቆመችና ክዳኑን ልትከፍት ሞከረች። ካርቶኑ መድፉን ነክቶ ቆመ።

«እንደዚህ ከሆነስ?»

መዋሸት እችል ነበር። ጥበቃው ግን ይኼንኑ ነግሮኝ ነበር፤ መድፉ እዚያ ላይ ቆሞ ከቀረ ነጂው በራሱ በር መውጣት ይቸግረዋል፤ የሆዱም በር ታንኩ መሬት ላይ ከተኛ አይጠቅምም ብሎኛል። እናቴ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ የለመነችው አንድ እውነት ነው።

«እንደዚህ ከሆነ አይከፈትም እማዬ» አልኳት።

ታንኩን መሬት ላይ አስቀመጠችው። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹን ራሷ አስጠርታ ድንኳን ተተከለ። አስከሬን ስለሌለ ፎቶውና አሮጌ ሸሚዙ ተይዞ ተለቀሰለት። እናቴ ፊቷን ነጨች፤ ከል ለበሰች። ከጅማ የመጡ ነጋዴ ጎረቤቶቻችን፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ከቴፒ ድረስ የመጡ ዘመዶች፣ ሁሉም አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። ስለ በር የሚጠይቅ ጠፋ። እናቴ ገበያ መውጣት፣ መብላት፣ አልፎ አልፎም መሳቅ ጀመረች። በልቤ «እኔ ነኝ ያሳረፍኳት» እል ነበር።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ ይሆናል። እጄ ግን አልቆመም። ቀኑን ሙሉ ቁስል ሳጥብ፣ መርፌ ስወጋ፣ ከሰው ሕመም ጋር ስውል እቆይና ቤት ስገባ አንድ የማያቃስት ነገር መያዝ እፈልጋለሁ። ሁለተኛውን ከቆርቆሮ ሠራሁት። ከአሮጌ ራጅ ፊልም ላይ ቀለሙን አጥቤ ለክዳኖቹ ተጠቀምኩበት። ሰንሰለቱን ከናስ ዚፕ አወጣሁት። አረንጓዴ ቀለም ከበር ቀቢ ለምኜ ጥቂት ቢጫ ጨመርኩበት። ስጨርስ እንደ አዲስ ድስት ያበራ ነበር። ኩራት እየተሰማኝ ለጥበቃው ወሰድኩለት።

«ይኼ የሰልፍ ታንክ ነው ሲስተር» አለኝ። «ሜዳ የወጣ ታንክ እንዲህ አይደለም። ቆሻሻ ነው። ተልጧል፣ ዝጓል፣ ዘይት ያለቅሳል።»

እንግዲህ ትልቁን ሥራ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ «ማስረጀት» እለዋለሁ። አዲሱን ቀለም ማበላሸት ቀላል ይመስላል፤ እንደዚያ አይደለም። ጥቁር ቀለም በነጭ ጋዝ አቅጥነህ በየስንጥቁ ታስገባለህ፤ ላይ ላዩን ወዲያው ትጠርጋለህ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በጨው ውኃ ነክረህ ስታስቀምጠው ዝገት ይሰጥሃል፤ ደቁሰህ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ጠርዝ ላይ ትነሰንሳለህ። እርሳስ በጣትህ ስታሽበት ብረቱ ተፍቆ የወጣ ይመስላል። የጭስ ማውጫው ጋ የኩራዝ ጥቀርሻ። ለጭቃው የግቢያችንን ቀይ አፈር በፋሻ ነፍቼ ከሙጫና ከቡና አተላ ጋር አቦካሁት፤ ሲደርቅ እውነተኛ ጭቃ ነው። ጭቃ እንዴት እንደሚጣበቅ ሚዛን ያደገ ሰው አይጠፋውም። ታንኩ እያረጀ ሲመጣ አንድ ሰው የኖረበት ነገር ይመስል ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ነገር ጥቂት ነው።

ሰው ግን ይስቅ ነበር። በሥራ ቦታ «ሲስተር ታንክ» ይሉኛል፤ በፊቴ ሳይሆን ከኋላዬ። ሊያገባኝ ያሰበ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጦ ሳለ ቤታችን መጣና ታንኮቹን የደረደርኩበትን መደርደሪያ አየ። «የማን ነው?» አለ። «የኔ» አልኩት። ሳቀ፤ ስላልሳቅሁ አቆመ። «ሴት ልጅ ጥልፍ ነው የምትይዘው» አለኝ። «ይኼን ማስወገድ ትችያለሽ?» ለእናቴ ጤና ስል ያቆየሁት ነው ብለው ይቀበለኝ ነበር። እኔ ግን «እወደዋለሁ» አልኩት። ሽማግሌ አልመጣም። ያገባት ልጅ ጥልፍ ታውቅ አታውቅ አላውቅም።

ከተማችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ በኋላ የኢንተርኔት ቤት በዛ። አንድ ቅዳሜ ገብቼ ታንክ ብዬ ጻፍኩ። የእውነቱን ታንክ ነበር የፈለግሁት፤ የወጣው ግን ትንንሽ ታንክ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ሴትም አየሁ። ለማስረጀት የሚሆን ዝገት በብልቃጥ ይሸጥላቸዋል። ጭቃም እንዲሁ። ጭቃ በብልቃጥ! ብቻዬን ሳቅሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ተማሪ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ግን ሳቄ ጠፋ። አንድ ፎቶ ላይ እነዚያ ሰዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ሥራቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ አንዱ የሌላውን ጎንበስ ብሎ ያያል። ያንን ሁሉ ዓመት ሥራዬን ጎንበስ ብሎ ያየልኝ አንድ ጥበቃ ነበር፤ እሱም ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሄዷል።

በዚያ ሰሞን ነው ወንድሜ የመጣው።

ሥራ ላይ ነበርኩ። የጎረቤታችን ሚስት እየሮጠች መጥታ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። «ነይ፣ ወንድምሽ መጥቷል» አለችኝ። አፅሙ የተገኘ መሰለኝ፤ «ማን አመጣው?» አልኳት። «በአውቶቡስ ነው የመጣው፤ በእግሩ ነው የገባው» አለች። ጋውኔን ሳላወልቅ ተከተልኳት።

ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አንድ ወፈር ያለ፣ ፀጉሩ ከፊት የሳሳ ሰውዬ መሐል ተቀምጧል፤ እናቴ ጆሮውን በሁለት እጇ ይዛ በከፋ ቋንቋ ትናገራለች። ሳቁ ባይኖር አላውቀውም ነበር። «ወንድም ጋሼ» አልኩ፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሳኝና «አደግሽ እኮ» አለኝ። የኔም ፀጉር ሽበት ጀምሯል።

ጦሩ ሲበተን ወደ ምሥራቅ ሄዶ፣ ድሬዳዋ ዳቦ ቤት ገብቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ነበር። ለምን እንዳልመጣ ሽማግሌዎቹ ጠየቁት። «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ? ዘንድሮ፣ ለከርሞ እያልኩ ቀረሁ» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እናቴ ከሁሉ በላይ። ለእሱ የተተከለውን ድንኳን ሲነግሩት ደነገጠ፤ ቆይቶ ግን እየሳቀ «በቁሜ አለቀሳችሁልኝ?» አለ።

ሰው ሲቀንስ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

«ይኼ ሁሉ ምንድነው?»

«ያንተ ነው» አለችው እናቴ። «እህትህ የሠራችው ነው። ትነዳው የነበረውን።»

ወደ እኔ ዞሮ «ማን፣ እኔ?» አለ። «እኔ እኮ ወጥ ቤት ነበርኩ። ለመቶ ሰው ሩዝ ስቀቅል ነው የኖርኩት።»

«ፎቶውስ?» አልኩት።

«ያ ታንክ ሞተር አልነበረውም፤ ተበላሽቶ የቆመ ነው። ተራ ይዘን ነው የተነሳነው።» አንዱን አንሥቶ በመዳፉ አገላበጠ። «ጭቃው ግን ትክክል አይደለም። እዚያ እንዲህ ያለ ቀይ ጭቃ የለም። ዱቄት የመሰለ ነጣ ያለ አቧራ ነው፤ ዓይን ውስጥ ይገባል።»

ያበሸቀኝ ትክክል መሆኑ ነው። የማላውቀውን አገር በግቢያችን አፈር ቀብቼው ኖሬያለሁ። ሩዝ ቀቃይ ሆኖ ከርሞ አረመኝ።

ለልጁ አንዱን እንድሰጠው ጠየቀኝ። እኔ የትኛውን ብዬ ሳስብ እናቴ ተነሥታ የካርቶኑን አወረደችና ሰጠችው። ሁለተኛ ዓይኗን አላሳረፈችበትም። ኋላ በስልክ ስጠይቀው «ወዲያው ነው የቀደደው፤ ሕፃን አይደል» አለኝ።

የሰነበተው ከሁለት ሳምንት አይበልጥም። እናቴ ለእሱ ዶሮ አረደች፤ ገላውን ልታጥበው ሁሉ ፈለገች። የሄደ ዕለት መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማ አውቶቡሱ እስኪጠፋ አየች። ቤት ስንመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠችና «አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ምን አደረግሁ እማዬ?»

«አንቺ ነሽ በሩ አይከፈትም ያልሽኝ። በቁሙ ልጄን አስለቀስሽኝ። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ? አሁን ዕድሜው ቢያጥር በማን ነው?»

«አንቺ አይደለሽ የጠየቅሽኝ?»

«ታዲያ ዝም አትዪም ነበር?»

ሽማግሌዎቹም፣ ጎረቤቶቹም፣ ያ አንድ እጁን ያጣ ወታደርም ሞቷል ብለዋት ነበር። ማንንም አልወቀሰችም። ለዚያ ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ ያስቀራትን ልጇንም አንድ ቃል አልተናገረችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ምግብ ሳቀርብላት «አንቺ የወንድምሽን እርም ያወጣሽ» ትለኛለች፤ አንዳንዴ እንደ ቀልድ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከልቧ።

ወንድሜ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ነበር። ለፋሲካ አለ፤ ለመስቀል አለ። ሞተ ብላ ካለቀሰች በኋላ አርፋ የነበረች ሴት፣ አሁን እንደገና መኪና ማቆሚያ መውጣት ጀመረች። የሞተን ሰው መጠበቅ መጨረሻ አለው፤ ድንኳን ተተክሎ ይዘጋል። በሕይወት ያለን፣ ስልክ የሚያነሳን፣ «መጣሁ» የሚልን ልጅ መጠበቅ ማን ይዘጋዋል? ዝናብ ሲመታት እኔ ነኝ ጃንጥላ ይዤ ከማቆሚያው የምመልሳት። «ልቀቂኝ፣ የዛሬውን መኪና ልየው» ትለኛለች።

በዚያ ጊዜ ታንክ በብዛት ሠራሁ። ቀይ አፈሩን ትቼ ኖራና አመድ ቀላቅዬ ወንድሜ ያለውን አቧራ ሞከርኩ። የሚያምር አቧራ ነበር፤ በየማዕዘኑ እንደ ዱቄት ይተኛል። ከሠራኋቸው ሁሉ የተሻሉት የዚያ ዘመን ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቂም ይዤ ነው የሠራሁት፤ እጄ ግን ቂም አያውቅም፤ ሥራውን ያሳምራል።

እናቴ በሳንባ ምች ሞተች፤ እኔው በምሠራበት ሆስፒታል፣ እጇን እንደያዝኩ። የመጨረሻ ቀን ላይ «መጣ?» አለችኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኳት። በዚያ ጊዜ መዋሸት ለምጄ ነበር። ወንድሜ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ለሠልስት ነው። ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡት፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ እየሄደ «ምነው ሳትደርስላት፣ ስትናፍቅህ ነው የሞተችው» እያለ አብሮት ያለቅሳል። እኔ ንፍሮ አከፋፍል ነበር። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው «አንቺስ መቼም አብረሽ ነበርሽ፤ ጠግበሻታል» አሉኝ።

ሲመለስ መኪና ማቆሚያ ድረስ ሸኘሁት። ወያላው «ጅማ፣ ጅማ» እያለ ይጣራል። ወንድሜ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ መሬት መሬት እያየ «እህቴ፣ ይቅር በዪኝ» አለኝ።

«የትኛውን?» አልኩት።

ቦርሳውን አነሣ። ሰው እየገፋው ገባ። በመስኮት እጁን አወጣልኝ። አውቶቡሱ እስኪጠፋ አልጠበቅሁም፤ የከሰዓት ተረኛ ስለነበርኩ ባጃጅ ይዤ ወደ አማን ሆስፒታል ወረድኩ።